ጋሽ ይቆይ እና ነጭ ሪባን የታሰረባቸው ስድስት ዛፎች

በዓለም ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ «ይቆይ» ባይ አለው። ማስታወቂያ ወጥቶ አይቀጠርም፤ በመዋቅሩ ላይም ቦታ የለውም፤ ግን አለ። ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ከሥሩ አስቀምጦ «እስቲ ትንሽ ይቆይ፤ ዝናቡ ይተው ይሆናል» የሚለው እሱ ነው። ስብሰባ ላይ ሁሉም እጁን ሊያወጣ ሲል ጉሮሮውን የሚጠርገውም እሱ ነው። ከቤተሰብም አይጠፋም። የታመመ ጥርሱን ሦስት ዓመት በቅርንፉድ የሚያባብል አጎት በቤተሰቤ የለም የሚል ሰው ካለ፣ አጎትየው ራሱ እንዳይሆን ይጠርጥር።

በአንድ የብርቱካን እርሻ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ጋሽ ይቆይ ናቸው። በፋይላቸው ላይ ሌላ ስም አላቸው፤ ያንን ስም ግን ከደመወዝ ቀን በስተቀር የሚጠራው የለም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከወገባቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። የመነጽራቸው ብሎን ከወደቀ አራት ዓመት ሆኖታል፤ በክር አስረውታል፣ ክሩ ሲቆሽሽ ክሩን ይለውጡታል። አንድ ቀን የእርሻው መዝጋቢ የመነጽር ሠሪውን አድራሻ በንጹሕ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። ወረቀቱን በክብር አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ ክሩ ግን ገና አዲስ ነው» አሏት።

ባለቤታቸው የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ ናቸው። የጋብቻቸውን ታሪክ ሲያወሩ ችግኝ መትከላቸውን አያቋርጡም፤ ስለለመዱት ይሆናል። «ስድስት ዓመት ቤታችን ተመላለሰ» ይላሉ። «ለምን እንደሚመጣ አንድም ቀን አልተናገረም። በመጨረሻ እናቴ ሰለቻትና 'ልጄ፣ ወይ ግባ፣ ወይ በሩን ዝጋው፣ ብርድ ፈጀን' አለችው። እሱም ገባ።»

የሚያበሳጨው ደግሞ አንዳንዴ ልክ መሆናቸው ነው። ሥራ አስኪያጁ የድሮውን የውሃ ፓምፕ አስነቅሎ አዲስ ሊያስተክል ሲል «ትንሽ ይቆይ» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ተቆጣ፤ ደብዳቤም ጻፈ። ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት የፓምፑ በሽታ ቱቦው አፍ ላይ የተወተፈ አንድ ወፍራም እንቁራሪት መሆኑ ታወቀ። እንቁራሪቱ ተለቀቀ፤ ፓምፑ እስከ ዛሬ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ክቡርነታቸው ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል ተናግረው አያውቁም። ይህ ዝምታቸው ከተናገሩት ሁሉ ይልቅ ሥራ አስኪያጁን አንድዶታል።

ሠራተኛው በእሳቸው ላይ የማይፈጥረው ቀልድ የለም። «መልአከ ሞት ቢመጣባቸው ወንበር ስበው 'እስቲ አረፍ በል' ይሉታል» ይባላል። በዚህ ቀልድ ሁሉም ሰው ይስቃል። መዝጋቢዋም ድሮ ትስቅ ነበር።

ሌላ ቦታ ቢሆን እንዲህ ያለ ሰው ይገሠጻል፤ ሲብስም ይሰናበታል። እዚህ ግን ደመወዝ የሚከፈላቸው ለዚሁ ነው። ብርቱካን ወረፋ አያውቅም። ያገሩ ብርቱካን ሁሉ ባንድ ሰሞን ይበስላል፤ ባንድ ሰሞን ገበያ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሳይለቀም ዛፍ ላይ ይቆይ ቢባል ደግሞ ልጣጩ ይለሰልሳል፣ ፍሬው ከቅርንጫፉ እጁን ይለቅና መሬት ላይ ይበሰብሳል። ስለዚህ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ሊዞር ሲል፣ በብዙ ውሃ እጅግ በጥቂቱ ተበጥብጦ የሚረጭ የእድገት መቆጣጠሪያ አለ። ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ልጣጩ ቶሎ እንዳያረጅ ያደርጋል፣ ሌላው ፍሬው እንዳይረግፍ ይይዛል። በመጽሐፍ ላይ ረጃጅም ስሞች አሏቸው። የእርሻው ሰው ሁለቱንም «ማቆያው» ይላቸዋል። ማቆያው በጊዜው የደረሰው ዛፍ ፍሬውን ሁለት ሦስት ወር ተሸክሞ ይቆማል። የርጭት ክፍሉ ኃላፊ፣ ለሃያ ስድስት ዓመት፣ ጋሽ ይቆይ ናቸው።

በሥራቸው ላይ ግን ዋዛ የለም። ነፋስ ካለ አይረጩም። ዛፉ ውሃ ጠምቶት ከሆነ አይረጩም። መጠኑን የሚለኩት በመስታወት መለኪያ ነው፤ ለክተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ክሩን አጥብቀው፣ እንደገና ይለካሉ። ከመጠኑ ትንሽ ካለፈ ይኸው ማቆያ ቅጠል ያጣምማል፣ አረም ይገድላል። «መድኃኒትና ምክር ሲበዛ አንድ ነው» ይላሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አላቸው፤ ሠራተኛው እንደ ዕብደት ነው የሚቆጥርላቸው። ዓመቱን ሙሉ «ይቆይ» ሲሉ የኖሩት ሰው፣ አንድ ማለዳ አንድ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ እምቡጥ ባዩ ዕለት ሌላ ሰው ይሆናሉ። «ይውረድ» ይላሉ። ቃሉ ይህች ብቻ ናት። መሰላል ራሳቸው ይሸከማሉ፣ ሣጥን ራሳቸው ይደረድራሉ፣ ሻይ የሚጠጣ ሠራተኛ ካዩ ብርጭቆውን ይቀሙታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት እንኳ ያን ሰሞን አይፈልጉትም። ያለፈው ዓመት መዝጋቢዋ ምክንያቱን ጠየቀቻቸው። መሰላል ላይ ሆነው ነበር። አሮጌው ፍሬ አበባ ከመጣ በኋላ ዛፉ ላይ ከቆየ የሚመጣውን ዓመት ምርት እንደሚበላ ነገሯትና «ማቆየትም ልክ አለው። አሮጌው አዲሱን አይቀማውም» ብለው ሣጥን አቀበሏት። ለመጻፍ ብዕር አልያዘችም ነበር።

ብዕር ሳትይዝ መገኘቷ ራሱ ያስገርማል። መዝጋቢዋ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ እርሻው ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። በእጅ የምትይዘው ትልቁ መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ ያየ ሰው የለም። የወደቀ ፍሬ፣ የዘነበ ዝናብ፣ የተረጨ ሊትር፣ ሁሉም በየዓምዱ አለ። ዝናብ ያልዘነበ ቀን እንኳ ባዶ አይተውም፤ «የለም» ተብሎ ይጻፋል።

ከአምስት ወር በፊት እናቷ ሞቱ። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አብረዋት ነበር የሚኖሩት። ሕመማቸው አሥራ አንድ ሳምንት ወሰደ። ሐኪሙ መድኃኒቱ እንደማያድናቸው፣ ትንሽ እንደሚያቆያቸው ብቻ፣ ሳይሸፋፍን ነግሯት ነበር። መዝጋቢዋ የምታውቀውን አደረገች፤ ደብተር አሰመረች። ሰዓት፣ መጠን፣ ሙቀት፣ ምግብ። በመጨረሻው ዓምድ፣ «ለውጥ» በሚለው ሥር፣ ሰባ ሰባት ቀን በተከታታይ «የለም» ብላ ጽፋለች።

ከቀብር በአራተኛው ቀን የእናቷን ዕቃ ዝርዝር አዘጋጀች። ከተራ ቁጥር አንድ፣ አልጋ፣ እስከ ተራ ቁጥር አርባ ሦስት፣ የመነጽር ማኅደር፤ በትይዩው ለማን እንደሚሰጥ። ታላቅ እህቷ ወረቀቱን ተቀብላ ብዙ አየችውና «የአንቺ ልብ ግን ከምንድን ነው የተሠራው?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ስለ ዕቃው አልተነጋገሩም። ደብተሩ በዝርዝሩ ውስጥ ቁጥር አልነበረውም።

ወደ ዛፎቹ እንመለስ። በዚህ ዓመት ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ጥያቄ ላከ፦ ማቆያው በእርግጥ ይሠራል ወይስ ልማድ ነው? ሥራ አስኪያጁ ጥያቄውን ለመዝጋቢዋ ሰጣት። እሷም ሰባተኛው ብሎክ ውስጥ ዕድሜያቸውና ቁመታቸው እኩል የሆኑ አሥራ ሁለት ዛፎች መረጠች። ስድስቱ ላይ ቢጫ ሪባን አሰረች፤ እነዚህ እንደ ሌላው ይረጫሉ። ስድስቱ ላይ ነጭ አሰረች፤ እነዚህ ጠብታ አይነካቸውም። ከዚያ በየሰኞው ከየሥራቸው የወደቀውን ፍሬ ቆጥሮ ማነጻጸር ነው።

ጋሽ ይቆይ ሪባኑ ሲታሰር ቆመው ያዩ ነበር። «እነዚህ ነጮቹ ምን አጥፍተው ነው?» አሉ።

ምንም እንዳላጠፉ፣ ማነጻጸሪያ እንደሆኑ፣ ያልተረጨ ከሌለ የተረጨው ምን እንደተጠቀመ ሊታወቅ እንደማይችል በትዕግሥት አስረዳቻቸው። «ገባኝ» አሉ። የገባቸው በጣም በፍጥነት ነበር። መጠርጠር የነበረባት ያኔ ነው።

የርጭቱ ዕለት ነፋስ አልነበረም። ትራክተሩ ታንከሩን እየጎተተ በመደዳዎቹ መሀል ሲያልፍ፣ ጋሽ ይቆይ ነጭ ሪባን ያለበት ዛፍ ጋ ሲደርሱ የመርጫውን አፍ ይዘጉ ነበር። መዝጋቢዋ ስድስት ጊዜ ምልክት አደረገችና ወደ ቢሮዋ ሄደች። ከሰዓት በኋላ መጥተው የተረፈውን አስመዘገቡ፦ «ቀሪ ስልሳ ሊትር፤ ባዶው መሬት ላይ ተረጭቷል።» ጻፈችው።

ዘጠኝ ሰኞ ቆጠረች። ከቢጫዎቹ ሥር አርባ አንድ ፍሬ። ከነጮቹ ሥር አርባ አራት።

ሥራ አስኪያጁ ቆሞ የሚወስን ሰው ነው፤ ወንበሩ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ውጤቱን ሰኞ ከሰዓት በኋላ በጋሽ ይቆይ ፊት አነበበው። «ለሦስት ብርቱካን ነው ይህን ሁሉ ስንረጭ የኖርነው?» አለ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ ወሰነ። ሪፖርቱ ዓርብ ይላካል። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ርጭቱ ይቀራል፤ ክፍሉ ይበተናል። ጋሽ ይቆይ ጡረታቸው ሁለት ዓመት ስለሚቀረው ወደ መጋዘን ጥበቃ ይዛወራሉ።

ሁሉም «ይቆይ» እስኪሉ ጠበቀ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሊቆጣ ተዘጋጅቶ ነበር። ክቡርነታቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ክሩን አዩና ምንም ሳይናገሩ ወጡ። መዝጋቢዋ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አላየችም።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ነጮቹ ዛፎች ሄደች። ቁጥሩ እንቅልፍ ነስቷት ነበር። ሦስት ዓመት የያዘችው መዝገብ ርጭት የዘገየበት ዛፍ እንኳ በዘጠኝ ሳምንት አርባ አራት ብቻ እንደማይጥል ይናገራል፤ ለዚያውም በስድስት ዛፍ። አንዱን ፍሬ በእጇ ገለበጠች። ብርቱካን ከቅርንጫፉ በሚንጠለጠልበት በኩል የልብስ ቁልፍ የምታህል ክብ ኮፍያ አለችው። ማቆያ ያልደረሰው ፍሬ በዚህ ወቅት ኮፍያው ይደርቃል፣ ቡናማ ይሆናል፤ ትንሽ ቆይቶም ከፍሬው ይላቀቃል። ይህኛው ኮፍያ አረንጓዴ ነበር። ከየዛፉ አሥር አሥር ፍሬ አየች። ከስልሳው ሃምሳ ስምንቱ አረንጓዴ።

ተመልሳ የርጭቱን ገጽ ገለጠች። አንድ ዛፍ አሥር ሊትር ይጠጣል። ተራፊው ስልሳ ሊትር ነው። ይህን ለማካፈል ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ጋሽ ይቆይን መድኃኒት መጋዘኑ በር ላይ የጎማ ጓንታቸውን እያጠቡ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ስልሳው ሊትር የት ሄደ?»

ቀና አላሉም። «ባዶው መሬት ላይ ነው ብዬሽ የለ።»

«ባዶው መሬት ኮፍያው አረንጓዴ ሆኗል።»

ቧንቧውን ዘጉ። ጓንቶቹን ከገመዱ ላይ አንድ በአንድ ሰቀሉ፤ ሁለተኛውን ሲሰቅሉ ብዙ ጊዜ ወሰዱ።

«ልነግርሽ ነበር» አሉ። «ትንሽ ይቆይ ብዬ ነው።»

«ምን ያህል ነው ትንሹ?»

«ዘጠኝ ሳምንት።»

እንዲህ ነበር የሆነው። ያን ዕለት የተረፈውን ይዘው ወደ ባዶው መሬት ሲሄዱ መንገዱ በሰባተኛው ብሎክ በኩል አለፈ። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ቅጠላቸው ርሶ ያንጠባጥባል፤ ስድስቱ ነጮች ብቻ ደረቅ ሆነው፣ ሪባናቸውን አስረው ቆመዋል። ትራክተሩን አቁመው አዩአቸው። ደንብ ካልከለከላቸው በቀር ሃያ ስድስት ዓመት አንድም ዛፍ ዘለው አያውቁም። ልሂድ አሉ፤ አንጀታቸው አልችል አለ። መድኃኒቱ እንደሆነ የሚደፋ ነው። ለእያንዳንዱ አሥር አሥር ሊትር፣ በልኩ፣ አጠጡአቸው።

መዝጋቢዋ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ለስድስት ዛፍ አዝነው የመላው እርሻ ማቆያ እንዲቀር ማድረጋቸውን፣ የራሳቸውንም ወንበር በገዛ እጃቸው መጋዘን በር ላይ ማስቀመጣቸውን ነገረቻቸው። አንዱንም አልተከራከሩም። እንግዲህ ይፋ አውጥታ ብትናገር ይቀጣሉ፤ ዝም ብትል ክፍላቸው ይበተናል። ሁለቱንም ያውቃሉ። ዘጠኝ ሳምንት አስበውበታል።

«ሠንጠረዤ ምን እንደሚል ያውቃሉ?» አለች። «ይኼኛውም ጋ ለውጥ የለም። ያኛውም ጋ ለውጥ የለም። ለውጥ የሌለው መድኃኒት ብዬ ልጻፍ?»

ጋሽ ይቆይ በተለመደው ረጋ ባለ ድምፃቸው መለሱላት። «ለውጥ የለም ማለት እኮ ነው ሥራው ልጄ። የኔ መድኃኒት ሲሠራ የሚታይ ነገር የለም። ትናንት የነበረው ዛሬም አለ፤ በቃ። መውደቁን አላስቀርለትም፤ ቀን ነው የምጨምርለት። አንቺ የወደቀውን ነው የምትቆጥሪው። እኔ ደግሞ ቀና ብዬ ያለውን እቆጥራለሁ።»

መዝጋቢዋ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። ገመዱ ላይ ከተሰቀሉት ጓንቶች ውሃ እየተንጠባጠበ ነበር፤ እስኪያባራ ድረስ የምታየው እሱን መሰለ።

ከዚያ «ያልተረጨ ሌላ ዛፍ የለም?» አለች፤ ድምጿ ተመልሶ የቢሮ ድምፅ ሆኗል።

ነበር። አጥሩን ተከትሎ ያለው የመጨረሻው መደዳ ማቆያ ነክቶት አያውቅም። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ቲማቲም አለ፤ ማቆያው በነፋስ ከደረሰበት ቅጠሉ ይጣመማል። ስለዚህ ደንቡ መደዳውን ይከለክላል። መዝጋቢዋ ለአጥሩ ዛፎች አዝነው እንደሆነ ቁርጡን እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው።

«አዝኜማ ነበር» አሉ። «ግን ቲማቲሙም ያሳዝናል።»

የተከላውን መዝገብ አገላበጠች። የአጥሩ መደዳ የተተከለው በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ፣ ከሰባተኛው ብሎክ ጋር ነው፤ የሚጠጣውም ከአንድ ቦይ ነው። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከአጥሩ ስድስት ዛፎች ሥርና ከስድስቱ ቢጫዎች ሥር ያለውን ፍሬ ሁሉ አስጠረገች። ዓርብ ጠዋት የሚገኘው የሦስት ቀን ርግፍ ይሆናል። ጋሽ ይቆይን ደግሞ እስከዚያ ከአጥሩ ሃያ እርምጃ እንዳይቀርቡ አዘዘቻቸው። ትእዛዙን በጽሑፍ ነው የሰጠቻቸው።

አከበሩት። ሦስት ቀን፣ ሥራ ባጡ ቁጥር፣ ሃያ እርምጃ ለክተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። የፈተና ክፍል በር ላይ የቆመ ወላጅ ይመስሉ ነበር። ዓርብ ጠዋት እሷ ተንበርክካ ስትቆጥር አንድ ብርቱካን ከራሷ በላይ ለቀቀና አጠገቧ ዱብ አለ። ዞር ብላ አየቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ከቢጫዎቹ ሥር ሁለት። ከአጥሩ ሥር ሃምሳ ሰባት።

ሪፖርቱን ዕለቱኑ ጻፈችው፤ ምንም አልደበቀችም። ነጭ ሪባን የታሰረባቸው ዛፎች ተረጭተው በመገኘታቸው የዘጠኙ ሳምንት ንጽጽር ውድቅ መሆኑን፣ ማን እንደረጫቸው፣ የአጥሩ ቁጥር ምን እንደሚያሳይ። የአጥሩ ቁጥር የሦስት ቀን ብቻ መሆኑን፣ ዳር ያለ መደዳ ነፋስ እንደሚበዛበት፣ ስለዚህ በሚመጣው ዓመት ሙከራው በሥርዓት መደገም እንዳለበትም አከለች። በመዝገቧ ላይ በእጇ አስፍራ፣ ከመላኩ በፊት ለጋሽ ይቆይ እንዲያነቡት ሰጠቻቸው።

በክር በታሰረ መነጽራቸው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አቆሙ። «በስህተት ረጭተዋቸዋል» ይል ነበር።

«ይኼ ይውጣ» አሉ። «በስህተት አይደለም። አውቄ ነው።»

መዝጋቢዋ ፊቷ ቀላ። ቃሏን ለማንም ስትል አለስልሳ አታውቅም ነበር፤ ይህቺ የመጀመሪያዋ ናት፤ እሷንም የተደረገችላቸው ሰው አልተቀበሏትም። ብዕሯን አንስታ «በስህተት» በሚለው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች፤ በላዩ «አውቀው» ብላ ጻፈች። በመዝገቡ ላይ ያለው ስርዝ እሱ ብቻ ነው። ዛሬም አለ።

ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ቆሞ ጀመረው፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተቀመጠ። ርጭቱ እንዲቀጥል፣ ሙከራው እንዲደገም፣ ክፍሉ ባለበት እንዲቆይ ወሰነ። ለጋሽ ይቆይ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው። በሚመጣው ዓመት ነጭ ሪባን ላይ አንድ ጠብታ ቢገኝ መጋዘኑ በር ላይ ወንበር እንደሚጠብቃቸው በመጨረሻው መስመር አስጽፏል። ደብዳቤውን ፋይል ማድረግ የመዝጋቢዋ ሥራ ነው። ቁጥር ስትሰጠው አጠገቧ ቆመው ነበር።

«ትንሽ አይቆይም?» አሉ።

«አይቆይም፣ ጋሼ።»

«ደግ» አሉ፤ ቅር ያላቸው አይመስሉም።

በሩን ዘግተው ከወጡ በኋላ ስልኳ ጮኸ። እህቷ ነበረች። ለአምስት ወር ያልተነሣውን ጉዳይ ባንድ ትንፋሽ አነሣችው። አሁን ልቧ መቁረጡን፣ ዝርዝሩንም ልክ ነው ማለቷን፣ መኪና ማግኘቷን ነገረቻት። «ቅዳሜ ከአልጋዋ እንጀምር» አለች። «አንቺ እንዳልሽው፣ ተራ ቁጥር አንድ።»

መዝጋቢዋ ብዕሯን ከደነች።

«ትንሽ ይቆይ» አለች።

እህቷ የተሳሳተ ቁጥር የደወለች ሳይመስላት አልቀረም። «አንቺ ነሽ ይህን የምትዪው?» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ ቀስ ብላ፣ «እስከ መቼ?»

«አበባ እስኪመጣ።»

«የምን አበባ?»

ከመስኮቱ ውጭ ክቡር ጋሽ ይቆይ መሰላል ሳይዙ በእግራቸው ጣት ቆመው፣ የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ጎትተው አውርደው ጫፉን ያያሉ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፤ መልሰው አወረዱት፤ ክሩን አጠበቁና እንደገና አዩ። ከዚያ ቅርንጫፉን እንዳይናወጥ ቀስ ብለው ለቀቁትና ራሳቸውን ወዘወዙ።

ገና ነበር።